ማማ የሚሸከም ዛፍ

ይህ ነገር የገጠመኝ የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ሁሉ ስለ በዓሉ አዳራሽና ስለሚመጣው ዘፋኝ ሲያወራ፣ እኔ ጫካ ውስጥ ዛፍ ስመርጥ ዋልኩ። ብዙ የሕይወቴ ቀኖች ተረስተውኛል። ስዊድን የገባሁበት ቀን እንኳ አሁን አሁን ከሌሎች ቀኖች ጋር ይደባለቅብኛል። ያን ቀን ግን ከጠዋቱ እስከ ማምሻው አስታውሰዋለሁ። ልጄ ከማን ጋር እንደምትዛመድ ያወቅሁት ያን ቀን ስለሆነ ይመስለኛል።

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ ደረስኩ። ከባለቤቴ ከጽጌ ጋር ኡፕላንድስ ቬስቢ እንኖራለን፤ የምነዳው ሶለንቱናና አካባቢው ላይ ነው። አንድ ልጅ አለችን፣ ሩት። ያኔ ፍሌሚንግስቤሪ በሚባለው ሰፈር ነርስነት ትማር ነበር። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ በዚህ እጠይቃለሁ፣ እሷ በዚያ ትመልሳለች፣ እንዲሁ ስንግባባ ኖረናል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ እራት እየበላን ሳለ፣ ከፍቅረኛዋ ከኤሪክ ጋር ሳምቦ ልትሆን እንደሆነ ነገረችን። ሳምቦ ማለት እዚህ አገር ሳይጋቡ አንድ ቤት መኖር ነው። ኤሪክን እናውቀዋለን። ጨዋ ልጅ ነው። ቤታችን ሲመጣ የቀረበለትን ሳይመርጥ ይበላል፣ ጽጌ ስትነሳ ይነሳል። በልጁ ላይ የማወጣው እንከን አልነበረኝም። እኔን የከበደኝ ነገሩ በእራት መሃል፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት፣ እንዲሁ መነገሩ ነው። ሽማግሌ አልተላከ፣ አባት አልተጠየቀ። ልጄ አድጋ ከቤቴ ልትወጣ ነው፣ እኔ ግን የምሰማው እንደ ዜና ነው።

እሺ ብዬ ዝም አልኩ። ጽጌ ዝምታዬን ታውቃለች። ሳህን ስናጥብ ዘመኑ እንዲህ እንደሆነ፣ ልጅቷን እንዳላስከፋት ነገረችኝ። አላስከፋኋትም። በሆዴ ግን ያዝኩት።

ነሐሴ እንደገባ የኤሪክ አባት ደወሉልኝ። ስቲግ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከቬስቢ ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ፣ ጫካ ጥግ ያለ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከዚያ በፊት የተገናኘነው አንዴ ነው፣ በሩት ልደት ቀን። ያኔም ስለ አየሩ ጥቂት ካወራን በኋላ ሁለታችንም የምንለው አጥተን ኬካችንን ስንቆርስ አመሸን። በስዊድንኛ አንቱ የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው። እኔም ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው። አማርኛዬ ግን ለዚያ አልታዘዝ ስላለኝ እዚህ ላይ እንደ ዕድሜያቸው አንቱ እያልኩ ልጻፍ።

በስልኩ ወሬ አላበዙም። ሚዳቋ ያድናሉ። የአደን ማማቸውን አዲስ ዛፍ ላይ ማቆም አለባቸው፤ ሥራው ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም። ሁልጊዜ አብረዋቸው የሚወጡት ቤንክት የሚባሉ ጓደኛቸው ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ተኝተዋል። ኤሪክ ሥራ ላይ ነው። ማክሰኞ የእረፍት ቀኔ እንደሆነ ከሩት ሰምተዋል፤ ልረዳቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም። ስልኩን ስዘጋ ጽጌ ሳቀች።

«ከአስፋልት ወርደህ የማታውቅ ሰው ጫካ ምን ልታደርግ ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ማማ የሚባለውን ነገር የማውቀው ክፍለ ሀገር ስንሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ማሽላ መሃል በአራት እንጨት ላይ ቆሞ፣ ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦበት። ማማ ከሆነ አይቻለሁ ብዬ መለስኩላት።

ማክሰኞ ጠዋት ስቲግ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥተው በመኪናቸው ወሰዱኝ። ከመኪናው ኋላ በተጎታች ላይ ረጅም የብረት መሰላል ተጭኗል። ማማው እሱ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ሰው የምታስቀምጥ ወንበር አለችው። መሰላሉ ዛፍ ላይ ይደገፍና ከላይም ከመሃልም በወፍራም ቀበቶ ይታሰራል። ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር አይደለም፤ የተቀመጠበትን ሰው የሚሸከመው ዛፉ ነው።

በመንገድ ላይ የድሮው ዛፍ ምን እንደደረሰበት ጠየቅኳቸው። በብርዱ ወራት ኃይለኛ ነፋስ ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው፤ ማማውም ከሥር ሆኖ ተጨፈለቀ። ይህ አዲስ የተገዛ ነው። ያን ጊዜ ማንም አልነበረበትም። እሳቸው ግን በዋዜማው እስኪመሽ ድረስ ተቀምጠውበት ነበር።

«ከውጭ ሲያዩት ምንም አልነበረውም» አሉ።

የደረስንበት ቦታ የአጃ እርሻ ዳር ነው። እርሻው ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ከአንድ በኩል ጫካው እስከ እርሻው ጠርዝ ይመጣል። ሚዳቋዎቹ ማለዳና ወደ ማምሻው ከዚያ ጫካ ወጥተው አጃው ውስጥ ይገባሉ። የሚፈለገው ዛፍ ያንን ጠርዝ የሚያሳይ፣ ነፋስ የአዳኙን ሽታ ወደ እንስሳቱ የማይወስድበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው የሚያምነው ዛፍ ነው።

ስቲግ አስተማሪነታቸው አለቀቃቸውም። እጃቸውን ኋላ አጣምረው ቆሙና እኔ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ ጠየቁኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ነጭ ቅርፊት ያለው ብዮርክ የሚሉት ዛፍ፣ ግዙፍ፣ ቅጠሉ የለመለመ፣ ከሁሉም ገዝፎ ቆሟል። እሱን አሳየኋቸው። ትልቅ ከሆነ ጠንካራ ነው ብዬ ነው።

መጥረቢያቸውን ገልብጠው በጀርባው ግንዱን መታ መታ አደረጉት። የተሰማኝ ድምፅ እንደ ባዶ በርሜል ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥሩ በኩል የግማሽ ሳህን ያህል ተለጥፎ የበቀለ እንጉዳይ አሳዩኝ። ቅጠሉ ለምለም ቢሆንም ውስጡ ተበልቷል። እንዲህ ያለው ዛፍ አሥር ዓመትም ሊቆም ይችላል፣ ነገም ሊወድቅ ይችላል አሉኝ።

ቀጥለን ያየነው ግራን ይባላል፤ በገና ሰሞን ቤት ውስጥ የምናቆመው ዓይነት ጥድ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሲመቱትም ድምፁ ድፍን ነው። ይህ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። ስቲግ ግን ከሥሩ አጠገብ እንድቆምና ነፋስ እስኪመጣ እንድጠብቅ ነገሩኝ። ቆምኩ። ነፋሱ ሲመጣ ጫፉ ተወዛወዘ፤ መሬቱም ከጫማዬ ሥር እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ደንግጬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሥሩ ወደ ታች ስላልወረደ፣ ከላይ ከላይ ስለተዘረጋ ነው አሉኝ። የወደቀባቸውም የዚህ ወገን ነው።

ሦስተኛው ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን ከወንበሩ በላይ በሚሆነው ቦታ ላይ ክንድ የሚያህል የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። እኔ ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ እጅጌዬን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ። እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ሥር አይቆምም አሉ፣ በተለይ አፍን ከፍቶ። የቀለዱት እዚያ ላይ ነው፤ እስኪ ልሳቅ ብዬ ቀና ስል ወደ ሌላ ዛፍ ሄደዋል።

እንዲህ እያልን እኩለ ቀን ሆነ። አንዱ ጠማማ ነው፣ አንዱ ቀጭን ነው፣ አንዱን መብረቅ ሰንጥቆታል። ስቲግ እያንዳንዱን ይመቱታል፣ ይዞሩታል፣ አንጋጠው ያዩታል፣ ከሥሩ አፈር ይጭራሉ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ፀሐዩም በርትቷል። ሆዴ ሲጮኽ ትዕግሥቴም አለቀ። ይህ ሰው ለአንድ ወንበር ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ ልጁ የእኔን ልጅ ሲወስድ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልወጣውም አልኩ በልቤ።

በዚህ መሃል ግንድ ላይ ተቀምጠው የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ለእኔም ቋሊማ ያለበት ዳቦ ይዘውልኛል። ጾም ላይ መሆኔን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም እንደማልቀምስ ነገርኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት እኮ ጠዋት አልፏል ብለው ግራ ገባቸው። የእኛ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ እንደሚጀምር፣ ዘጠኝ ያልኩት ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ሦስት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሰዓታቸውን አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ፊታቸው በራ። ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ መሆኑ ከእነሱ ይልቅ ልክ ነው አሉ። ከዚያ የምሳ ዕቃቸውን መልሰው ዘጉት።

እንዲበሉ ለመንኳቸው። ዕድሜያቸውን አነሳሁ፣ እኔን እንደማይከፋኝ ማልኩላቸው።

«አብረን እንበላለን» ብለው ተነሡ።

ብዙም ሳንሄድ አገኘነው። ታል የሚባለው ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ላይ ሲሄድ ቀይ የሚሆን፣ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የሚይዝ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሲመቱት ድምፁ ድንጋይ ነው። እንጉዳይ የለበት፣ የሞተ ቅርንጫፍ የለበት፣ ነፋስ ሲመጣ ጫፉ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። የእርሻው ጥግ፣ ሚዳቋዎቹ የሚወጡበት ቦታ፣ ከፊት ለፊቱ ነው። ስቲግ ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ዕቃ ሲገዛ ዋጋው የተስማማው ሰው ይመስላሉ።

መሰላሉን ተጋግዘን አቆምነው። የታችኛውን ቀበቶ አሰሩ። የላይኛውን አንድ ሰው ወጥቶ ማሰር አለበት፣ ሌላው ከታች መሰላሉን ይይዛል። ቀለል የምለው እኔ ነኝ። ወገቤን በመታጠቂያ አሰሩልኝ፤ ገመዱን እየወጣሁ ከግንዱ ጋር እንዴት እንደማስተላልፍ ደጋግመው አሳዩኝ፤ እኔም እንደ ተማሪ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ።

ወጣሁ። ወንበሩ ጋ ስደርስ ግንዱን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ። የዛፉ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቀበቶውን አሰርኩ፣ ጠበቅኩት፣ ተቀመጥኩ። እርሻው ከላይ ሲታይ የተዘረጋ ብርድ ልብስ ይመስላል። ፍርሃቴ እየለቀቀኝ ሲሄድ ጽጌ ባየችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከታች ሆነው የእርሻውን ጥግ የሚከልል ቅርንጫፍ እንዳለ ጠየቁኝ። ወደዚያ አየሁ። ከጥጉ ኋላ ቁጥቋጦ አለ። ከቁጥቋጦው ኋላ አንድ ቢጫ ነገር ታየኝ። አበባ መሰለኝ። ከዚያ ሌላ ቢጫ ታየኝ፣ ከዚያ ብዙ። ይንቀሳቀሳሉ።

ሕፃናት ናቸው። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች፣ ያቺን የምታበራ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው፣ አንድ ገመድ ይዘው ተሰልፈው ይሄዳሉ። አንዲት አስተማሪ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር፣ ሚዳቋ ይወጣበታል በተባለው ጥግ በኩል፣ እስከ እነሱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በመሃል ቅጠል እንጂ ጥይት የሚያቆም ነገር የለም።

«ልጆች አሉ» አልኩ ወደ ታች። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው።

«የት?»

«ከጥጉ ኋላ። ሚዳቋ ይወጣል ባሉት በኩል።»

እዚያ መንገድ የለም አሉ። አለ አልኳቸው፤ እያየኋቸው ነው። ቀስ ብዬ እንድወርድ ነገሩኝ። እኔ እንደወረድኩ መታጠቂያውን ከወገቤ ፈትተው ታጠቁትና ራሳቸው ወጡ። ላይ ብዙ ቆዩ። ነፋሱ ዞሮ የልጆቹን ድምፅ አመጣልን። ይዘምራሉ።

ስቲግ ሲወርዱ ፊታቸው ነጭ ሆኗል። የመታጠቂያውን መቆለፊያ መፍታት አቅቷቸው እኔ ፈታሁላቸው። ዛፉ ሥር ሣር ላይ ተቀመጡ። በዕቃቸው ውስጥ የነበረውን ፔርሙዝ አውጥቼ ቡና ቀዳሁላቸው። አሁንም «አብረን» ብለው እንቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር፤ ዝም ብለው ተቀብለው ጠጡ።

ቆየት ብለው ነገሩኝ። ከቁጥቋጦው ማዶ ባለፈው ዓመት አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል። ሐምሌን ሙሉ በዚያ በኩል ተመላልሰው ሰው አላዩም፤ ለካ መዋዕለ ሕፃናቱ በሐምሌ ዝግ ነበር። አሁን ሲከፈት ልጆቹ መንገዱን በእግራቸው ሠሩት። አደኑ የሚጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

«ዛፉን ብቻ ነበር የማየው» አሉ። «ይሸከመኛል ወይ፣ ይወድቅብኛል ወይ። ስለ ራሴ ብቻ።»

እኔም ቀኑን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ራሴ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጆቹ ዘፈናቸውን ይዘው ራቁ፤ ጫካው ጸጥ አለ። በመካከላችን ያለው ዝምታ ግን በልደቱ ቀን እንደነበረው አልነበረም።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ኮፍያቸውን አወለቁ። አንድ ነገር አሉ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ስዊድንኛ መስሎኝ ይቅርታ አልኩ። ደገሙት።

«ልጄን ለልጅህ።»

አማርኛ ነው። አንዷን ቃል ከሌላዋ እየለዩ፣ እንደሚሰበር ዕቃ በጥንቃቄ ነው ያስቀመጧት። የዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ አንድ ነገር ሲሞቀኝ ተሰማኝ።

ከዚያ በስዊድንኛ አስረዱኝ። ሩት አባቷ ምንም ባይናገርም እንደከፋው ገብቷታል። ለኤሪክ ነገረችው፤ ኤሪክ ለአባቱ። እሳቸውም በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚደረግ ጠየቁ። ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌው ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንም ተባሉ። ቤንክት ሁለተኛው ሊሆኑ ነበር። ሦስታችን ጫካ ወጥተን፣ ማማውን አቁመን፣ ምሳ ላይ ሊጠይቁኝ አስበው ነበር። የቤንክት ቀዶ ጥገና ቀን በድንገት ደረሰና ዕቅዱ ተበላሸ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ልናገር ወይስ ልተወው እያሉ መግቢያ ሲፈልጉ ነው የዋሉት። ሳምቦ የተባለውም ይቅር፣ ልጆቹ ራሳቸው መጋባት ይፈልጋሉ አሉኝ፤ ለእኛ እንዴት አድርገው እንደሚናገሩ ጨንቋቸው ነው። ያን ሁሉ ዛፍ ሲመቱና ሲዞሩ የዋሉት ግማሹ ለዛፉ፣ ግማሹ ለዚህ ነገር እንደነበር ያኔ ጠረጠርኩ።

ያስጠኗቸው «ልጅህን ለልጄ» እንዲሉ ነው። ልጅህን ስጠኝ ማለት ነው። እሳቸው ገልብጠውት ልጄን ልስጥህ ብለው ነው የመጡት። አላረምኳቸውም።

እሺ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወግ ወግ ነው፤ እሳቸውም ለወጉ ብለው ነው ይህን ያህል የደከሙት።

«በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥም» አልኳቸው። «ሽማግሌም ብቻውን አይመጣም። ከቤተ ሰብ ጋር እንመካከራለን፤ እርስዎ ደግሞ ሰው ጨምረው ቤታችን ይመለሳሉ።»

እንዳይከፋቸው ሰጋሁ። እሳቸው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ እንደቀረበለት ተማሪ አሰቡበት።

«ቤንክት በክራንች ቢመጣ ይቆጠራል?» አሉ።

«ይቆጠራል» አልኩ።

ተነሥተን ማማውን ከዚያ ዛፍ ላይ ፈታነው። እንዲያ ደክመን ያገኘነውን ዛፍ መተው አላሳዘነንም። ከእርሻው ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን። እዚያ ሌላ ታል አለ፤ እንደ መጀመሪያው አያምርም፣ ትንሽ አጠር ይላል። ግንዱ ድፍን፣ ሥሩ የጠለቀ ነው። ፊት ለፊቱ አጃው፣ ከአጃው ኋላ የአፈር ጉብታ። ጥይት ቢስት እንኳ የሚቀበለው አፈር ነው። ቤቶቹና የልጆቹ መንገድ ከጀርባችን ቀሩ። እኔ ወጥቼ ወደ አራቱም አቅጣጫ አየሁ። እሳቸውም ወጥተው አዩ። ከዚያ ሁለታችንም በእግራችን ጉብታውን ዞረን ከኋላው እሾህና ረግረግ እንጂ የሰው ዱካ እንደሌለ አረጋገጥን። ካልሲዬ እስኪጨመቅ ረጠበ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰዓቱን ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ከዳቦው ውስጥ ቋሊማውን አውጥተው ወደ ጎን አደረጉ፤ ቅቤ የነካው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ ነክቶታል። ስለዚህ ምሳችን አንድ ፖምና መንገድ ዳር የለቀምነው እንጆሪ ሆነ። እሳቸውም ከእኔ የተለየ አልበሉም። ቤት ስገባ ጽጌ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ተቀመጪ አልኳት።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ መጡ። ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ቤንክት በሁለት ክራንች ላይ ናቸው። እኔም በበኩሌ ከቤተ ክርስቲያን ጋሽ ታደሰን ጠርቻለሁ፤ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፣ ሽምግልና ሲይዙ ደግሞ አይቸኩሉም። እንግዶቹ የመጡበትን ሳይናገሩ እንደማይቀመጡ ኤሪክ ነግሯቸዋል፤ እንቢ ብለው ሳሎን መሃል ቆሙ። ጋሽ ታደሰ ስለ ስቲግ አባት ጠየቁ፣ ስለ አያታቸው ጠየቁ፣ ስለ ቤተ ሰቡ ጤና ጠየቁ። እኔ ወደ ስዊድንኛ እመልሳለሁ። የቤንክት ግንባር ላይ ላብ ይወርዳል። ጽጌ ከጋሽ ታደሰ ጀርባ ሆና በዓይኗ ትለምነኛለች፤ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሩት አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፣ ለእኔ አልለየልኝም።

ስቲግ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ዓረፍተ ነገሯ ተስተካክላ ወጣች፤ ሩት አርማቸዋለች። እኔ ግን የጫካዋን እወዳታለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ታደሰ «በሉ ተቀመጡ» አሉ። መልሳችን እሱ ነው። ቤንክት ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ።

ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። እኔ አዳኝ አልሆንኩም፤ ጠመንጃም አልነካሁም። ስቲግ ሲቀናቸው ሥጋ ይልኩልናል፣ ጽጌም በቃሪያና በሽንኩርት ትጠብሰዋለች። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ግን አብረን ወደ ዛፉ እንሄዳለን። ዛፍ ይወፍራል። ቀበቶው በየዓመቱ ካልላላ ወይ ዛፉን ያንቀዋል፣ ወይ ራሱ ይበጠሳል።

ባለፈው ነሐሴ ስቲግ መሰላል እንዳይወጡ ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ያዞራቸዋል። እኔ ወጣሁ፣ እሳቸው ከታች ያዙ። ቀበቶውን አላልቼ እንደገና አሰርኩ። ልወርድ ስል አጃው ተንቀሳቀሰ። አንዲት ሚዳቋ ሁለት ግልገሎቿን አስከትላ ወጣች። ትንፋሼን ዋጥኩ። ስቲግ ከታች ሆነው እንስሳቱን አጃው ስለሚከልልባቸው አያዩም፤ ግን ዝም ማለቴ ነግሯቸዋል መሰለኝ እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። እንስሳቱ እየበሉ ቆዩ፣ ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጫካው ተመለሱ።

ወርጄ ነገርኳቸው። በየት በኩል እንደወጡ፣ እናቲቱ ጆሮዋን እንዴት እንዳዞረች፣ ትንሹ ግልገል ምንም ሳይነካው ለምን እንደዘለለ ጠየቁኝ። ለምን እንደዘለለ አላውቅም አልኳቸው። ሳቁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እየተደገፉ ወደ መኪናው ሄድን፤ እስክንደርስ ድረስ ስለዚያ ግልገል ስንጫወት ነበር።